ገንዘቡ የት ያርፋል? የማንችስተር ዩናይትድን አክሲዮን ልግዛ ላሉ ጠያቂ

ጥያቄ፦ «የምኖረው በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ጀምሮ የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ ነኝ። አሜሪካዊ የሥራ ባልደረባዬ የኤን ኤፍ ኤል (በእጅ የሚጫወቱት የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ) ቡድኖች ቢሸነፉም ባለቤቶቻቸው ይከብራሉ ይለኛል። እኔ ደግሞ የእኛን እግር ኳስ የሚያየው ሕዝብ ከአሜሪካው ብዙ እጥፍ ስለሆነ ገንዘቡም ወደዚያው መሄዱ አይቀርም ባይ ነኝ። ወደ ኋላ ያስቀረው ጨዋታው ለማስታወቂያ አለመቋረጡ ብቻ ይመስለኛል። 15,000 ዶላር አጠራቅሜያለሁ፤ በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ የሚሸጠውን የዩናይትድን አክሲዮን ልገዛበት አስቤያለሁ። አንዳንድ ጓደኞቼ ግን አገር ቤት የታዳጊዎች ማሠልጠኛ ብንከፍትበት ይሻላል ይላሉ። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ አክሲዮኑን አይግዙ። ይህን የምለው ክለቡ ደጋፊ ስላነሰው ወይም ገንዘብ ስለማያስገባ አይደለም፤ ደጋፊም ገንዘብም ሞልቶታል። ችግሩ የሚገባው ገንዘብ አክሲዮን ይዞ የተቀመጠው ሰው ዘንድ አለመድረሱ ነው። ጥያቄዎ በሦስት ግምቶች ላይ ቆሟል፤ ተመልካች የበዛለት ስፖርት ብዙ ያገኛል፣ እግር ኳስን የጎዳው የማስታወቂያ ዕረፍት ማጣቱ ነው፣ ብዙ የሚያስገባ ክለብ ደግሞ ባለቤቱን ያበለጽጋል የሚሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ናቸው። ሦስተኛው ግን ቁጠባዎን የሚያስበላ ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ዓመታቱን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከተመልካቹ ብዛት እንጀምር። ኤን ኤፍ ኤል 32 ቡድኖች አሉት፤ እነዚህ ቡድኖች በአንድ ዓመት በጋራ የሚያስገቡት ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። የእንግሊዝ፣ የስፔን፣ የጀርመን፣ የጣሊያንና የፈረንሳይ ከፍተኛ ሊጎች ደግሞ በድምሩ 96 ክለቦች አሏቸው፤ በ2023/24 የውድድር ዘመን ሁሉም ተደምረው ያስገቡት 20 ቢሊዮን ዩሮ ያህል ነው። በአንድ አገር ብቻ በቅጡ የሚታወቅ ስፖርት ዓለም ሁሉ የሚያውቃቸውን አምስት ሊጎች ያህል ያገኛል ማለት ነው። በቡድን ቢያካፍሉት ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል፤ የአሜሪካው ለ32፣ የአውሮፓው ለ96 ነው የሚከፈለው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ስንት ሰው ያያል ከሚለው በፊት፣ ለሚያየው ነገር ማን ስንት ይከፍላል የሚለው ይቀድማል። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዲኤስቲቪ ቤት ገብተው ከሆነ ነገሩን በዓይንዎ አይተውታል። አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ የተቀመጠው ወጣት ሁሉ ጥቂት ብር ከፍሎ ነው የገባው፤ ከዚያ ክፍያ የሚበዛው ለቤቱ ባለቤት ይቀራል፤ ወደ ስርጭት ኩባንያው የሚሄደው የአንድ ደንበኝነት ወርኃዊ ዋጋ ነው፤ ከእሱም ቀንሶ ወደ እንግሊዝ የሚሻገረው ትንሽ ነው። የዚያ ወጣት ፍቅር ከማንም አያንስም። በሂሳብ መዝገብ ላይ ግን አንድ አሜሪካዊ ቤተሰብ ለኬብል ከሚከፍለውና ማስታወቂያ አስነጋሪዎች የእሱን ዓይን ለማግኘት ከሚያወጡት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያንሳል። ፕሪሚየር ሊጉ ራሱ ይህን ያውቃል። ከውጭ አገር ከሚያገኘው የስርጭት ገቢ ጎልተው የሚታዩት ባለጸጋ አገሮች ናቸው፤ የአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤን ቢ ሲ ለአሜሪካ ብቻ ከ2022 ጀምሮ ለስድስት ዓመት 2.7 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍል ተዋውሏል።

ኤን ኤፍ ኤል ሌላም ነገር አለው፤ ብርቅነት። አንድ ቡድን በመደበኛው የውድድር ዘመን የሚጫወተው 17 ጊዜ ብቻ ነው፤ የሊጉ ጨዋታዎች በሙሉ ተቆጥረው 272 ናቸው። በ2023 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ብዙ ሰው ካያቸው 100 ስርጭቶች ውስጥ 93ቱ የኤን ኤፍ ኤል ጨዋታዎች ነበሩ። ተመልካች በየአቅጣጫው በተበታተነበት ዘመን አገሩን በአንድ ሰዓት አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ነገር ከዚህ ሌላ የለም ማለት ይቻላል። ጣቢያዎቹ ሊያጡት አይችሉም፤ ስለዚህም በ2021 ለ11 ዓመት የሚቆይ፣ በድምሩ 110 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ውል ፈረሙ። እግር ኳስ በአንጻሩ በየሳምንቱ፣ በየአገሩ፣ በየሊጉ አለ። የፈረንሳዩ ጨዋታ ውድ የሆነበት ሰው የስፔኑን ያያል። የፈረንሳይ ሊግ በ2020 ትልቅ ዋጋ የገባለት የስርጭት ኩባንያ ክፍያ አቁሞበት ውሉ ፈረሰ፤ በ2024 የተፈረመው ውልም ቶሎ ተቋርጦ በ2025 ሊጉ የራሱን ጣቢያ ለመክፈት ተገደደ።

ማስታወቂያን በተመለከተ የሚሉት በከፊል እውነት አለው። የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ኳሱ በእርግጥ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ቢለካ ግን 11 ደቂቃ ያህል ነው። በቀረው ጊዜ ውስጥ ማስታወቂያ እንደ ልብ ይገባል፤ የኤን ኤፍ ኤል ፍጻሜ በሆነው በ2025ቱ ሱፐር ቦውል ለ30 ሰከንድ የተጠየቀው ዋጋ 8 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። ነገር ግን እግር ኳስ ይህ በር ሲዘጋበት ሌሎች በሮች ከፍቷል። በ1973 የጀርመኑ አይንትራክት ብራውንሽቫይግ የመጠጥ አምራቹን የየገርማይስተርን ምልክት በማሊያው ደረት ላይ አድርጎ ሜዳ ገባ፤ ዛሬ ያለ ስፖንሰር ማሊያ ማየት ብርቅ ነው። የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤን ቢ ኤ ትንሽ ቁራጭ ምልክት በማሊያ ላይ የፈቀደው በ2017 ነው፤ ኤን ኤፍ ኤል በውድድር ማሊያው ላይ እስካሁን አይሸጥም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የአውሮፓ እግር ኳስ ገንዘብ የመጣው ከደንበኝነት ክፍያ ነው። በ1992 ፕሪሚየር ሊጉ ሲመሠረት የተፈረመው የአገር ውስጥ ውል ለአምስት ዓመት 304 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ከ2025/26 የጀመረው ለአራት ዓመት 6.7 ቢሊዮን ፓውንድ ነው። በዓመት ሲሰላ ከሃያ አምስት እጥፍ በላይ አድጓል፤ 45 ደቂቃው አንድ ጊዜም ሳይቋረጥ። ስለዚህ እግር ኳስ ገንዘብ አላጣም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ባልደረባዎ የነገርዎት እውነት ነው፤ ማስረጃውም ከቤትዎ ብዙ አይርቅም። ዳን ስናይደር የዋሽንግተኑን የኤን ኤፍ ኤል ቡድን በ1999 በ800 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። በያዘበት 24 ዓመት ቡድኑ በጥሎ ማለፍ ያሸነፈው ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው። ደጋፊው ተማረረ፣ ሜዳው ባዶ ወንበር አበዛ። በ2023 ሲሸጠው ግን 6.05 ቢሊዮን ዶላር ተከፈለው። ከሰባት እጥፍ በላይ ማለት ነው። አንድ ነጋዴ ዕቃው እየተበላሸ፣ ደንበኛው እየሸሸ ሀብቱ በዚህ መጠን የሚያድግበት ሌላ ገበያ ያግኙልኝ።

ይህ የሆነው ሊጉ ዝግ ስለሆነ ነው። መጨረሻ የወጣ ቡድን አይወርድም፤ እንዲያውም በሚቀጥለው ዓመት ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡትን ወጣቶች ቀድሞ የመምረጥ ዕድል ይሰጠዋል። እነዚያን ወጣቶች ለዓመታት ላሠለጠነው ዩኒቨርሲቲ ቡድኑ የዝውውር ክፍያ አይከፍልም። የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ለ32ቱ እኩል ይካፈላል፤ ሊጉ መብቱን በአንድ ላይ ጠቅልሎ እንዲሸጥ በ1961 የአሜሪካ ምክር ቤት በሕግ ፈቅዶለታል። ከአንድ መቶ ሺህ ብዙም የማይበልጥ ሕዝብ ያላት የግሪን ቤይ ከተማ ቡድን በ2025 ባሳወቀው ሂሳብ ከዚህ የጋራ ቋት ከ430 ሚሊዮን ዶላር በላይ አግኝቷል፤ የኒው ዮርክ ቡድኖችም የደረሳቸው ይህንኑ ያህል ነው። በመጨረሻም የደመወዝ ጣሪያ አለ። በ2025 አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ ሊያወጣ የሚችለው 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ተጫዋቾቹ ከሊጉ ገቢ የሚደርሳቸው ከግማሽ ጥቂት ዝቅ ያለ ድርሻ ነው፤ ቀሪው ከወጪ በኋላ ባለቤቱ ዘንድ ያርፋል። የግዢ ዋጋው የሚያድገውም ለዚህ ነው፤ ገዢው የሚገዛው ቡድን ብቻ ሳይሆን 31 ሌሎች ቡድኖች ብቻ ያላቸውን፣ ማንም የማይነጥቀውን መቀመጫ ነው።

ልዩነቱ የሊጉ አሠራር እንጂ የኳሱ ቅርጽ እንዳልሆነ ማየት ከፈለጉ የአሜሪካውን የእግር ኳስ ሊግ ይመልከቱ። ሜጀር ሊግ ሶከር እንደ እኛው እግር ኳስ በእግር የሚጫወት ነው፤ የቴሌቪዥን ገንዘቡም ከእንግሊዝ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ነገር ግን ወራጅ የለበትም፣ ደመወዙም የተገደበ ነው። ሻርሎት ወደዚህ ሊግ ለመግባት ብቻ 325 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳንዲዬጎ ደግሞ 500 ሚሊዮን ዶላር ከፍለዋል። በዚያ ገንዘብ በእንግሊዝ ሁለተኛ ሊግ ውስጥ ከአንድ በላይ ጥንታዊ ክለብ መግዛት ይቻላል፤ ሰው ግን ከመቶ ዓመት ታሪክ ይልቅ የማይወርድ መቀመጫን መረጠ።

ወደ እንግሊዝ ስንሻገር ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ከ20ው ክለብ በየዓመቱ ሦስቱ ይወርዳሉ። በ2016 ሻምፒዮን የሆነው ሌስተር ሲቲ በ2023 ወረደ፣ ተመለሰ፣ በ2025 እንደገና ወረደ። የወረደ ክለብ እንዳይፈርስ በማለት ሊጉ በመጀመሪያው ዓመት ከእኩል ድርሻው 55 በመቶ፣ በሁለተኛው 45 በመቶ ይሰጠዋል። የተጫዋቾቹ ውል ግን ባለበት ይቀጥላል። ይህን የሚፈራ ክለብ ምን ያደርጋል? ያገኘውን ሁሉ ለተጫዋች ያወጣል። ጎረቤቱም እንዲሁ ያደርጋል። ከ1995ቱ የቦስማን ፍርድ በኋላ ውሉን የጨረሰ ተጫዋች ያለ ዝውውር ክፍያ ወደፈለገበት መሄድ ስለቻለ፣ ክለቡ ወይ ደመወዙን ይጨምራል ወይ ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ የቴሌቪዥኑ ውል ባደገ ቁጥር የሚያድገው የክለቡ ትርፍ ሳይሆን የተጫዋቹ ደመወዝ፣ የወኪሉ ኮሚሽንና ለሌላ ክለብ የሚከፈለው የዝውውር ዋጋ ነው። ገንዘቡ በአንዱ በር ይገባል፣ ወንበር ሳይስብ በሌላው ይወጣል።

ከታች ያሉትን ባይ ደግሞ ነገሩ ያሳዝናል። በእንግሊዝ ሁለተኛ ሊግ በበርካታ የውድድር ዘመናት ክለቦቹ ለደመወዝ ብቻ ያወጡት ካስገቡት ገቢ ሁሉ በልጧል። አንድ መቶ ብር የሚያገኝ ሰው ለአንድ ሠራተኛ ብቻ አንድ መቶ አሥር ብር ሲከፍል ማለት ነው። ይህን የሚያደርጉት ወደ ላይ ከወጡ ዕዳው ይከፈላል በሚል ተስፋ ነው፤ በየዓመቱ የሚወጡት ግን ሦስት ብቻ ናቸው። ሊድስ ዩናይትድ በብድር በገነባው ቡድን በ2001 እስከ ሻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ፤ በ2004 ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ፣ በ2007 ሦስተኛው እርከን ላይ ተገኘ። በ1885 የተመሠረተው በሪ በ2019 ሂሳቡን ማስተካከል አቅቶት ከሊጉ ተባረረ። ብዙ ዓመት የክለቦችን የሂሳብ መግለጫ ሳገላብጥ ኖሬያለሁ፤ የበሪን ያህል ያዘንኩበት ግን የለም። አያት፣ አባትና ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሄዱበት ቦታ በአንድ የነሐሴ ቀን ተዘጋ።

በዚህ ላይ ደግሞ ትርፍ ከማይፈልግ ጋር መፎካከር አለ። ማንችስተር ሲቲ ከ2008 ጀምሮ የአቡ ዳቢ፣ ፓሪስ ሴንት ዠርመን ከ2011 ጀምሮ የኳታር፣ ኒውካስል ከ2021 ጀምሮ የሳዑዲ ገንዘብ አለባቸው። የእነዚህ ባለቤቶች ዓላማ በዓመቱ መጨረሻ ትርፍ መከፋፈል አይደለም። ከጎንዎ ያለው ሱቅ በኪሳራም ቢሆን የሚሸጥ ከሆነ እርስዎ ምን ያህል ሊያተርፉ ይችላሉ?

አሁን የሚወዱትን ክለብ ሂሳብ እንመልከት። የግሌዘር ቤተሰብ ማንችስተር ዩናይትድን በ2005 በ790 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሲገዛ አብዛኛው ብድር ነበር፤ ብድሩም በክለቡ ላይ ተጫነ። ከዚያ ወዲህ ክለቡ ራሱን ለገዙት ሰዎች ዕዳ ወለድ ሲከፍል ኖሯል። እስከ ሰኔ 2025 ባለው የሂሳብ ዓመት ዩናይትድ 666.5 ሚሊዮን ፓውንድ አስገባ፤ በታሪኩ ከፍተኛው ነው። በዚሁ ዓመት ግን 33 ሚሊዮን ፓውንድ ከሰረ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ኪሳራው 113.2 ሚሊዮን ነበር። ከ2020 ጀምሮ በተከታታይ ስድስት ዓመት ከስሯል፤ ሲደመር ከ400 ሚሊዮን ፓውንድ ይበልጣል። በ2024/25 ሊጉን 15ኛ ሆኖ ጨረሰ፣ በዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ በቶተንሃም ተሸነፈ፣ ስለዚህም በሚቀጥለው ዓመት ከአውሮፓ ውድድር ሁሉ ውጭ ሆነ። የዋሽንግተኑ ቡድን መጥፎ ዓመት ሲያሳልፍ ቀድሞ የመምረጥ መብት ያገኛል፤ ዩናይትድ መጥፎ ዓመት ሲያሳልፍ የሻምፒየንስ ሊጉን ገንዘብ ያጣል፣ የማሊያ አምራቹ አዲዳስም በውሉ መሠረት 10 ሚሊዮን ፓውንድ ይቀንስበታል።

አክሲዮኑ ራሱስ? በነሐሴ 2012 ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 14 ዶላር ነበር። በ2025 አብዛኛውን ጊዜ በ13 እና በ20 ዶላር መካከል ሲዋልል ከረመ። በመካከሉ በዓመት 18 ሳንቲም ያህል የትርፍ ድርሻ ይከፈል ነበር፤ እሱም በ2022 ቆመ። በዚያው በነሐሴ 2012 ኤስ ኤንድ ፒ 500 የሚባለው የትልልቅ ኩባንያዎች መለኪያ 1,400 ገደማ ነበር፤ በ2025 ከ6,000 አልፏል። የእርስዎን 15,000 ዶላር የሚያህል ገንዘብ ያን ጊዜ ይህን መለኪያ በሚከተል ፈንድ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው የትርፍ ድርሻው ሳይቆጠር ከ60,000 ዶላር በላይ ይኖረዋል። በዩናይትድ ያስቀመጠው ያስቀመጠውን ያህል ይዞ ቆሟል፤ የኑሮ ውድነቱ ሲታሰብ ደግሞ ከስሯል።

«እንግሊዛዊው ቢሊየነር ጂም ራትክሊፍ ግን የክለቡን አክሲዮን በ33 ዶላር አልገዛም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። ገዝቷል፤ በ2024 መጀመሪያ። ያን ጊዜ ገበያው ላይ ዋጋው 20 ዶላር አካባቢ ነበር። እርግጥ ነው ተራ ባለአክሲዮኖችም በዚያ ዋጋ እንዲሸጡ ተጋብዘዋል፤ ከያዙት ግን የተወሰነውን ክፍል ብቻ ነው የተቀበላቸው፤ ቀሪው ወደ ገበያው ዋጋ ተመለሰ። እዚህ ላይ መረዳት ያለብዎት ነገር አለ። የግሌዘር ቤተሰብ አክሲዮን እያንዳንዱ አሥር ድምፅ አለው፤ እርስዎ የሚገዙት አንድ ድምፅ ነው ያለው። ክለቡን ሙሉ ለሙሉ የሚሸጥ ወይም የማስተዳደር ሥልጣን የሚያካፍል ሰው ለሥልጣኑ ዋጋ ይከፈለዋል። ያለ ሥልጣን፣ ያለ ትርፍ ድርሻ አክሲዮን የያዘ ሰው ተስፋው አንድ ቢሊየነር መጥቶ ለእሱም ቢጥልለት ነው። ይህ ቁጠባ አይባልም።

ዩናይትድ ብቻውን የተለየ ጉዳይ መስሎ እንዳይታይዎት የዶርትሙንድን እነሆ። ቦሩሲያ ዶርትሙንድ በ2000 አክሲዮኑን በ11 ዩሮ ሸጠ። በ2005 ሊከስር ጥቂት ቀረው። ከዚያ አንሰራራ፣ ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2013 እና በ2024 ለሻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ደረሰ፣ ወጣት ገዝቶ በውድ በመሸጥ ዓለም የሚያደንቀው ክለብ ሆነ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ አክሲዮኑ የሚሸጠው ከ11 ዩሮው ግማሽ በታች ነው። በሜዳ የሚሆነውና በአክሲዮን ገበያ የሚሆነው ምን ያህል እንደተለያዩ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ የለኝም።

ባለቤቶቹ ይህን ሳያውቁት አልቀሩም። በሚያዝያ 2021 ዩናይትድ፣ ሊቨርፑልና አርሰናልን ጨምሮ 12 ክለቦች ሱፐር ሊግ ብለው የተነሡት የአሜሪካውን ዝግ በር ወደ አውሮፓ ለማምጣት ነበር፤ መሥራቾቹ የማይወርዱበት፣ ገቢው አስቀድሞ የሚታወቅበት ሊግ። ደጋፊው አደባባይ ወጣ፤ ስድስቱ የእንግሊዝ ክለቦች በሁለት ቀን ውስጥ ለቀው ወጡ። ለባለአክሲዮኖች ያ ቀን የኪሳራ ቀን ነበር፤ ለእግር ኳስ ግን ትልቅ ቀን ነበር፤ ይህን ስል አላመነታም። ምክንያቱም ዝግ ሊግ ባለቤቱን እንጂ ከተማውን አይጠብቅም። ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያን ይመልከቱ። ከ2019 እስከ 2024 ባሉት ዓመታት የቅርጫት ኳስ ቡድኑ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ፣ የኤን ኤፍ ኤሉ ወደ ላስ ቬጋስ ሄዱ፣ የቤዝቦሉም ለቆ ወጣ። ሦስት ቡድን የነበራት ከተማ በአምስት ዓመት ባዶዋን ቀረች። በእንግሊዝ ዊምብልደን ወደ ሚልተን ኪንስ ሲወሰድ ደጋፊዎቹ በ2002 የራሳቸውን ክለብ ከታችኛው እርከን መሠረቱ፤ በ2011 እስከ ፕሮፌሽናል ሊጉ ድረስ እየወጣ መጣ። በአሜሪካ ይህን ማድረግ አይቻልም፤ መውጫ መሰላሉ የለም። ባለቤቱን የሚያከብረው ሥርዓት ሁሉ ለተመልካቹ ይበጃል ብለው እንዳያስቡ ነው ይህን የምጽፈው።

ስለዚህ ገንዘብዎን ምን ያድርጉት? የክሬዲት ካርድ ዕዳ ካለብዎ አስቀድመው እሱን ይክፈሉ፤ ለስድስት ወር ኑሮ የሚበቃም ለይተው በባንክ ያስቀምጡ። የተረፈውን ከላይ በጠቀስኩት ዓይነት፣ ብዙ ኩባንያዎችን በአንድ ላይ በሚይዝ፣ ክፍያው አነስተኛ በሆነ ፈንድ ውስጥ ያኑሩት። ይህም ቢሆን በአንዳንድ ዓመት ይወድቃል፤ በአምስት ዓመት ውስጥ የሚፈልጉትን ገንዘብ አያስገቡበት። የአሜሪካ ስፖርት ይሻላል ብለው ፊትዎን ወደዚያ ካዞሩ ደግሞ የኤን ኤፍ ኤል ቡድን አክሲዮን በገበያ ላይ እንደማያገኙ ይወቁ። የግሪን ቤይ ፓከርስ ባለድርሻዎች ከአምስት መቶ ሺህ በላይ ናቸው፤ ወረቀቱ ግን ትርፍ አያከፋፍልም፣ ለሌላ ሰውም አይሸጥም፤ ለፍቅር የሚሰጥ ገንዘብ ነው። የቅርጫት ኳሱ ቡድን የኒው ዮርክ ኒክስ ባለቤት የሆነው ኩባንያና የቤዝቦሉ ቡድን አትላንታ ብሬቭስ በገበያ ላይ አሉ፤ በእነሱም ቢሆን ሥልጣኑ በጥቂት ሰዎች እጅ ስለሆነ ለመጀመሪያ ቁጠባ አልመክራቸውም።

አንድ ነገር አጥብቄ ላስጠንቅቅ። ክለቦች በስልክ መተግበሪያ የሚሸጧቸው የደጋፊ ቶክን የሚባሉት ነገሮች አክሲዮን አይደሉም። የክለቡ ንብረት ላይ ምንም ድርሻ አይሰጡም፤ የሚሰጡት ሜዳ ሲገባ የሚዘፈነውን ዘፈን በመሳሰሉ ጥቃቅን ነገሮች ላይ ድምፅ መስጠትን ነው። የክለቡ ምልክት ስላለበት ብቻ ገንዘብዎን እንዳያወጡበት።

የዩናይትድ ባለአክሲዮን መባል ለልብዎ ደስታ የሚሰጥ ከሆነ አሥር አክሲዮን ይግዙና እንደ ማሊያ ይቁጠሩት፤ ማሊያ ሲገዙ ትርፍ አይጠብቁም። ከዚያ በፊት ግን ክለቡ በየዓመቱ ለአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ የሚያስገባውን ፎርም 20-ኤፍ የተባለ ሪፖርት ከፍተው ስለ አደጋዎች የሚናገረውን ክፍል ያንብቡ። እኔ እዚህ ከጻፍኩት አብዛኛውን ክለቡ ራሱ በገዛ አፉ ጽፎት ያገኙታል።

ጓደኞችዎ ስላነሱት ማሠልጠኛ ጥቂት ልበል፤ ሐሳባቸው ከአክሲዮኑ ይልቅ ወደ ገንዘቡ መንገድ የቀረበ ነው። በእግር ኳስ ገንዘቡ ክለብ ውስጥ ሳያርፍ ወደ ተጫዋቹ ይፈስሳል ብያለሁ፤ ተጫዋቹን ያሳደገው ክለብ ከዚያ ፍሰት የሚቀዳበት ሕግ አለ፤ ይህ በአሜሪካ ስፖርት የሌለ ነገር ነው። አንድ ተጫዋች ከአገር አገር በዝውውር ክፍያ ሲሸጥ ከዋጋው 5 በመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ ነው። ልጁን ከ12 ዓመቱ እስከ 18 ዓመቱ ያቆየ ክለብ፣ ያ ልጅ አንድ ቀን በ10 ሚሊዮን ዩሮ ቢዘዋወር 250,000 ዩሮ ይደርሰዋል ማለት ነው። ከ2022 ጀምሮ ፊፋ ይህን ክፍያ የሚያስተላልፍ ራሱን የቻለ ተቋም በፓሪስ አቋቁሟል።

ነገር ግን በዚህ ላይ ተስፋ ጥሎ ቁጠባን ማውጣት አይገባም። በዚህ ዋጋ የሚሸጥ ልጅ በሺህ አንድ አይገኝም፤ 15,000 ዶላር ሠላሳ ታዳጊዎችን በሜዳ፣ በአሠልጣኝ፣ በጫማና በምሳ ብዙ ዓመት አያቆይም። ካደረጉት ለልጆቹ ብለው ያድርጉት፤ ከቁጠባው ሳይሆን ከየወሩ ደመወዝ ከጓደኞችዎ ጋር እያዋጡ። የሚከፈለው ደግሞ በፌዴሬሽን ሥር ለተመዘገበ ክለብ ስለሆነ፣ ከማናቸውም ነገር በፊት ማሠልጠኛውን ከተመዘገበ ክለብ ጋር ያያይዙት ወይም ራሱን ያስመዝግቡት። እያንዳንዱ ልጅ የገባበትና የወጣበት ቀን ከነልደት ማስረጃው ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ በፌዴሬሽኑ መዝገብ ላይ ይስፈር፤ ልጁ ከአሥር ዓመት በኋላ ሲሸጥ የሚጠየቀው ይህ ወረቀት ነው።